ኀይልን ስለ መማርና ቍጣን ስለ መግራት

የሰው ልጅ ጠብን እጠላለሁ ሲል ይውላል፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎች ሲታገሉ ያየ እንደ ሆነ መንገዱን ትቶ ቆሞ ይመለከታል። ይህ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሯጭንና የቡጢ ተጋጣሚን ምሳሌ ያመጣው፥ አድማጮቹ ይህን በዓይናቸው ያዩ በልባቸውም የወደዱ መሆናቸውን ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ ሰው ይህን ማየት መውደዱ የታወቀ ነው፤ ሊመረመር የሚገባው፥ ከሚያየው ነገር ውስጥ የሚወደው የትኛውን ነው? መምታቱን ነውን፥ ወይስ ለመምታት ያበቃውን ድካም? የሚለው ነው። መምታቱን የወደደ እንደ ሆነ ነፍሱ ታማለች፤ ድካሙን የወደደ እንደ ሆነ ግን ነፍሱ ትምህርት ተርባለች። ሁለቱም ባንድ ወንበር ተቀምጠው ባንድ ጊዜ ስለሚያጨበጭቡ፥ ማን የትኛው እንደ ሆነ ከውጭ ለመለየት ያስቸግራል።

ይህን ለመመርመር ከቻይና ሲኒማዎች አንዱን መመልከት ይጠቅማል። «ሠላሳ ስድስተኛው የሻኦሊን ክፍል» የተባለው ፊልም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ወጣ፤ ስለ ፊልሙና ስለ ቻይና ነገር ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። ያሠራው ኩባንያ ሾው ብራዘርስ ይባላል። ይህ ኩባንያ በ1961 ዓ.ም. በክሊር ወተር ቤይ ታላቅ የፊልም መንደር ከፍቶ በየዓመቱ ብዙ ፊልም ያወጣ ነበር። ከእነዚያ መካከል ብዙዎቹ ተረስተዋል፤ ይህኛው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይታያል። እንዲህ መቆየቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

የመጀመሪያው ምክንያት፥ ሠሪው የሚናገረውን ነገር የሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው። ዲሬክተሩ ላው ካር ሌውንግ ጥበቡን የተማረው ከአባቱ ከላው ቻም ነው፤ ላው ቻም ከላም ሳይ ዊንግ ተማረ፤ ላም ሳይ ዊንግም በካንቶን አገር ስሙ ከገነነው ከዎንግ ፌይ ሁንግ ተማረ። የቅኔ መምህር ከማን እንደ ተቀኘ፥ ያም መምህሩ ከማን እንደ ተቀኘ ወደ ላይ ቈጥሮ እንዲናገር፥ ይህም ሰው የመምህራኑን ሐረግ ቈጥሮ መናገር ይችል ነበር። የታሪኩን ዋና ሰው ሆኖ የሠራው ጎርደን ሊዩም በላው ቻም ቤት ተምሮ እንደ ቤተ ሰብ የተቈጠረ ነው። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ደቀ መዝሙር ለመምህር ሲታዘዝ የሚታየው፥ ሠሪዎቹ በወሬ የሰሙት ሳይሆን የኖሩበት ነገር ነው።

ታሪኩ በማንቹዎች ዘመን የሚነገር ነው። ማንቹዎች ከሰሜን መጥተው በ1644 ዓ.ም. ፔኪንግን ከያዙ በኋላ ቻይናን ሁሉ ገዙ፤ ወንዱንም ሁሉ ግንባሩን ተላጭቶ የኋላ ጠጕሩን እንደ እነርሱ እንዲጐነጕን አስገደዱት። በፊልሙ ውስጥ በካንቶን ከተማ ፊደልና ግብረ ገብ የሚማር አንድ ወጣት አለ። መምህሩ በስውር ከገዢዎቹ ተቃዋሚዎች ጋር ያብር ነበርና ተማሪውም በዚሁ ነገር ገባ። ምስጢሩ በታወቀ ጊዜ የማንቹው ጄኔራል ትምህርት ቤቱን አጠፋ፥ የወጣቱንም ወገኖች አስገደለ። ወጣቱ ቈስሎ ሸሸ። የተማረው ግብረ ገብ ከሰይፍ እንዳላዳነው ባየ ጊዜም በዚያ ፈንታ የጦር ጥበብ ተምሮ ቢሆን እንደሚሻለው ዐሰበ፤ በአትክልት ጋሪ ውስጥ ተደብቆም ወደ ሻኦሊን ገዳም ገባ።

ይህ ጸጸት ለተማረ ሰው ሁሉ ከባድ ጥያቄ ነው። ብዕር የያዘ ሰው፥ ሰይፍ የያዘ በመጣበት ቀን፥ የደከመበት መጽሐፍ ሁሉ እንደ ገለባ ሆኖ ይታየዋል። ፊልሙም ለዚህ ጥያቄ በቃል አይመልስም፤ የሚመልሰው ለወጣቱ መጥረጊያ በመስጠት ነው። ሻኦሊን በሄናን አውራጃ በ495 ዓ.ም. የተመሠረተ የቡድሃ መነኮሳት ገዳም ነው፤ ዝናው በጦር ጥበብ ይሁን እንጂ ሥራው ምንኵስና ነው። ወጣቱ በቀል ሊማር ገብቶ ሳለ ሳን ቴ የሚል የምንኵስና ስም ተሰጠው፥ አንድ ዓመት ያህልም ግቢ ሲጠርግ ኖረ።

በኋላም መማር እንደሚሻ በተናገረ ጊዜ ሠላሳ አምስት ክፍሎች እንዳሉ ተነገረው፤ ከየትኛው ለመጀመር እንደሚፈልግም ተጠየቀ። እርሱም የላይኛው የተሻለ ነው ብሎ ወደ ሠላሳ አምስተኛው ወጣ። በዚያ ያገኘው ግን ጦርና ጐራዴ አይደለም፤ አረጋውያን መነኮሳት ተቀምጠው መጽሐፋቸውን የሚደግሙበት ነው። የሚሉትን ሊያስተውል አልቻለም፤ አንዱም አረጋዊ በኀይሉ ገፍቶ ከክፍሉ አስወጣው። ስለዚህ ከታች፥ ከመጨረሻው ክፍል እንዲጀምር ሆነ። አንባቢ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ወጣቱ ፊደልን ንቆ ጡንቻን ሊፈልግ መጣ፤ የጡንቻ መሰላል ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ያገኘው የናቀውን ቃል ነው። ሠላሳ አራቱ ክፍሎች ወደዚያ የሚያደርሱ ደረጃዎች እንጂ የቤቱ ባለቤቶች አይደሉም።

ከዚህ በኋላ ያለው የፊልሙ መካከለኛ ክፍል ድካም ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ከሁሉ ይልቅ የሚያስታውሰውም ይህንኑ ነው። ወደ ማዕድ ለመግባት በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ እንጨት ረግጦ መዝለል ያስፈልጋል፤ እግሩ የከበደ ይወድቃል፥ እየራሰም ከማዕዱ ይዘገያል። ሳን ቴ ሌሎች በተኙ ጊዜ ሌሊት ተነሥቶ ብቻውን ይለማመዳል። ቀጥሎም ሁለት ባልዲ ውሃ እጁን ዘርግቶ ዳገት ይወጣል፤ ክንዱ ላይ ስለት ታስሮበታልና እጁን ያወረደ እንደ ሆነ የገዛ ክንዱ ጐድኑን ይወጋዋል። ረጅም እጀታ ባለው ከባድ መዶሻ ደወል ይመታል፥ የእጁም አንጓ እንዲጠነክር ይደረጋል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ መብራት በዓይኑ ብቻ ይከተላል፤ ራሱን ያዞረ እንደ ሆነ በግራና በቀኝ የቆመው የሚነድ የዕጣን ዘንግ ፊቱን ያቃጥለዋል። በእነዚህ ክፍሎች ሁሉ መምህሩ ብዙ አይናገርም፤ የሚገሥጸው ራሱ ሥራው ነው።

ኩንግ ፉ የሚለው ቃል በቻይና ቋንቋ ድብድብ ማለት አይደለም። በብዙ ጊዜና በብዙ ድካም የተገኘ ችሎታ ማለት ነው፤ ጥሩ ጸሓፊም ጥሩ ወጥ ሠሪም ኩንግ ፉ አለው ይባላል። ይህን ትርጓሜ ያወቀ ሰው በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈውን ተማሪ ነገር ቢያስታውስ ሩቅ አልሄደም። ያ ተማሪ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ ይዞ በየደጁ ሲለምን ውሻ ይነክሰዋል፤ ለመምህሩ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይሰብራል። ከጕባኤ ቃና ጀምሮ ቤቱን በየተራው ሳይወጣ መወድስ ልቍጠር ቢል ይሣቅበታል። ቀኑን በዱር ተቀምጦ የቈጠረውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ሲያቀርብ፥ መምህሩ በአንድ ቃል አፍርሶ ይመልሰዋል። ዮሐንስ ሐፂርም መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክሎ ውሃ እንዲያጠጣ ባዘዘው ጊዜ ለምን ሳይል ሦስት ዓመት አጠጣ፤ እንጨቱም ለምልሞ አፈራ። የሃይማኖቱ ልዩነት እንደ ሰማይና እንደ ምድር ሲሆን፥ ሰው ከፍ ለማለት አስቀድሞ ዝቅ ማለት እንዳለበት ግን ሁሉም ያውቀዋል።

እንግዲህ የፊልሙ ውበት እዚህ ላይ ነው። በዚህ ዓለም ሰው የሚደክመው ድካም ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አይታየውም። ሠራተኛው ዓመት ሙሉ ለፍቶ ምን እንዳተረፈ አያውቅም፤ የታመመው ለምን እንደ ታመመ አይነገረውም፤ ድኻው የተሸከመው ሸክም ወደ የት እንደሚያደርሰው አያይም። በዚያ ገዳም ግን ሥቃይ ሁሉ ስም አለው፥ ደረጃም አለው፥ ጫፍም አለው። ውሃ የቀዳበት ክንድ ኋላ ዱላ ሲይዝ ይታያል፤ መብራት የተከተለው ዓይን ኋላ የጠላቱን ጐራዴ ሲከተል ይታያል። ምንም ድካም በከንቱ አልወደቀም። ሰው ይህን ሲያይ ደስ የሚለው፥ የእርሱም ድካም እንዲህ ተቈጥሮለት ቢሆን ስለሚመኝ ነው። ይህ ምኞት የተነቀፈ አይደለም፤ አማኝ ሰው እግዚአብሔር እንባውን እንደሚቈጥርለት ሲያምን የሚያምነው ይህንኑ ነውና።

ለዚህም ምስክር የሚሆን ነገር አለ። በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ ዉ ታንግ ክላን የተባሉ ጥቍር ወጣቶች የመጀመሪያ የዘፈን ሸክላቸውን ሲያወጡ፥ ከዚህ ፊልም ወስደው ሠላሳ ስድስት ክፍሎች የሚል ስም ጨመሩበት። እነዚህ ወጣቶች ያደጉት ድህነትና ጠመንጃ በበዛበት ሰፈር ነው። መምታትንማ ለማየት ሆንግ ኮንግ ድረስ መሄድ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ በደጃቸው ሞልቶ ነበር። በደጃቸው የጠፋው መሰላሉ ነው፤ ከታች የጀመረ ሰው በትዕግሥት ወደ ላይ ሊደርስ ይችላል የሚለው ተስፋ ነው። ከፊልሙም ስሙን ሲወስዱ የወሰዱት የጠላትን ወይም የመሣሪያን ስም ሳይሆን የትምህርቱን ክፍሎች ቍጥር ነው።

ይሁን እንጂ የሚመሰገነውን አመስግኖ የሚነቀፈውን መሸፈን የአስተማሪ ሥራ አይደለም። ሳን ቴ ለእግሩ ክፍል ነበረው፥ ለክንዱ ክፍል ነበረው፥ ለዓይኑና ለራሱ ክፍል ነበረው፤ ፊልሙ በሚያሳየው ሁሉ ውስጥ ግን ለቍጣው የሚሆን አንድ ክፍል አይገኝም። በቍጣ ገባ፥ ዓመታትም ደከመ፥ ያው ቍጣ ሳይነካ ከነሙሉነቱ ይዞት ወጣ፤ ወደ ካንቶንም ተመልሶ ጄኔራሉን ገደለ። የሲኒማው ተመልካች በዚህ ጊዜ ደስ ይለዋል። የበረሃ አባቶች ግን ይህን ቢያዩ ያዝኑ ነበር። ትምህርቱን ሁሉ የፈጸመ ሰው ከገባበት ቀን ጋር ልቡ አንድ ከሆነ፥ የተለወጠው ምኑ ነው? የሰነፍ ሰው ቍጣ ጥቂቶችን ይጐዳል፤ የሠለጠነ ሰው ቍጣ ግን ብዙዎችን ይጐዳል። ስለዚህ የበረሃ አባቶች ገዳም ሠርተው ክፍል ቢከፍሉ የቍጣውን ክፍል ከሁሉ አስቀድመው በሩ አጠገብ ያደርጉት ነበር።

በዚህ ነገር ሙሴ ጸሊምን ማስታወስ ይገባል። እርሱ አስቀድሞ ወንበዴ፥ ጕልበቱም የተፈራ ሰው ነበር። ወደ አስቄጥስ ገዳም ገብቶ ከመነኰሰ በኋላ ሌሊት ሌሊት እየተነሣ፥ ውሃ ለመቅዳት አቅም ላነሣቸው አረጋውያን ማድጋቸውን እየሞላ ያድር ነበር። እንግዲህ ውሃ መሸከም ለእርሱም ትምህርት ሆነው፤ ነገር ግን ክንዱን ለማጠንከር አይደለም፥ አስቀድሞም የጠነከረ ነበርና፤ የጠነከረውን ክንዱን ትሑት ለማድረግ ነው። አንድ ቀን አራት ወንበዴዎች ወደ በዓቱ ገቡበት። እርሱም አራቱንም ብቻውን አሸንፎ አሰራቸው፥ እንደ ጆንያም በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው፤ ሰውን መጕዳት አልተፈቀደልኝምና በእነዚህ ምን ላድርግ? ብሎ ወንድሞቹን ጠየቀ። ወንበዴዎቹም ማን መሆኑን ባወቁ ጊዜ ንስሐ ገብተው መነኰሱ። በመጨረሻም በርበሮች ገዳሙን በወረሩ ጊዜ ሊሸሽም ሊመታም አልወደደም፤ ከጥቂት ወንድሞች ጋር በዚያው ተገደለ። አራት ሰዎችን አሸንፎ መሸከም ከማንኛውም የሲኒማ ትግል አይተናነስም፤ ነገር ግን የተሸከማቸው ሊጥላቸው ሳይሆን ሊያድናቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል፦ በገዛ በዓቱ የተደፈረ ሰው ይቅር ማለቱ መልካም ነው፤ በሕዝብ ላይ ግፍ ሲሠራ ግን የሚችል ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ጽድቅ ነውን? ይህ ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም፤ መልስም ይገባዋል። የራስን በቀል መተውና የሌላውን ጩኸት መስማት አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስ ሰይፍ አላነሡም፤ ነገር ግን አርበኞቹን እንዲያወግዙ በተጠየቁ ጊዜ እንቢ አሉ፥ ለገዢው ተገዙ ብለውም ሕዝቡን አልመከሩም። እንግዲህ መነኵሴ መሆን ከወገን መከራ መለየት አይደለም፤ ለወገን መቆምም የግድ በልብ ውስጥ በቀልን ማሳደር አይደለም። የሳን ቴ ስሕተት የሕዝቡን ነገር ማሰቡ ሳይሆን የሕዝቡን ነገርና የራሱን ደም መመለስ ሳይለይ አንድ አድርጎ መያዙ ነው።

የሕዝቡን ነገር ማሰቡ እንዴት መልካም እንደ ነበረ ደግሞ በፊልሙ ፍጻሜ ይታያል። ሠላሳ አምስቱን ክፍሎች ሌሎች ከሚፈጅባቸው ባነሰ ጊዜ በፈጸመ ጊዜ፥ አበ ምኔቱ ከክፍሎቹ የአንዱ አለቃ እንዲሆን ፈቀደለት። የገዳሙ የሥርዓት ሹም ግን አይገባውም ብሎ በሁለት ጐራዴ ተጋጠመው፥ አሸነፈውም፤ ሳን ቴም በሰንሰለት የተያያዘ የሦስት ቍራጭ ዱላ አስቦ እስኪሠራ ድረስ ሊያሸንፈው አልቻለም። ካሸነፈም በኋላ ከሠላሳ አምስቱ የትኛውን ትመርጣለህ ሲባል፥ የለመነው ሠላሳ ስድስተኛ ክፍል እንዲከፈት ነው፤ ይህም ከገዳም ውጭ ያለው ሕዝብ የሚማርበት ነው። አበ ምኔቱ ገዳሙ በዓለም ነገር እንደማይገባ ተናግሮ ከለከለው፥ በቅጣት መልክም ከገዳም አስወጥቶ ሰደደው። ነገር ግን ፍርዱ ሰምና ወርቅ ነበረው። ሰሙ መባረር ነው፤ ወርቁ፥ ሂድና የለመንኸውን ፈጽም ማለት ነው። አረጋዊው የገዳሙን ሥርዓት በአፉ ሳያፈርስ በሩን በእጁ ከፈተ።

አበ ምኔቱን የከበደው ነገር ጥበብ የተሰጠው ሰው ሁሉ የሚከብደው ነው። ጥበብን ባልተፈተነ ሰው እጅ መስጠት አደጋ ነው፤ ከግንብ ውስጥ ዘግቶ መያዝም የተራበ ሕዝብ በደጅ ቆሞ ሳለ ጐተራን መቈለፍ ነው። ብዙ መምህራን ከሁለቱ አንዱን ብቻ አይተው ተሳስተዋል፤ አንዳንዱ ለሁሉ በተንኳቸው ብሎ ትምህርቱን አረከሰ፥ አንዳንዱም ምስጢር ነው ብሎ ይዞት ወደ መቃብር ወረደ። በፊልሙ የተገኘው መንገድ ግን አስተዋይ ነው። ሠላሳ ስድስተኛው ክፍል ተጨመረ እንጂ ሠላሳ አምስቱ አልፈረሱም፤ ለሕዝቡም በሩ ተከፈተ እንጂ ድካሙ አልተቀነሰለትም። በኢትዮጵያም የሰንበት ትምህርት ቤቶች፥ ቀን በሥራ የዋለ የከተማ ሰው ማታ መጥቶ የሚማርባቸው ጕባኤዎችም ከዚህ ዐይነት ክፍል የሚቈጠሩ ናቸው። ጽኑ ሆነው የሚቆዩትም የአብነቱ ትምህርት በስተኋላቸው ቆሞ ሲደግፋቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን ፊልም የሚወድ ወጣት ያገኘ አባት ወይም መምህር ፈጥኖ ባይቈጣ ይበጃል፤ አስቀድሞ ከፊልሙ የወደድኸው የቱን ነው? ብሎ ይጠይቀው። የጄኔራሉን ሞት ያለ እንደ ሆነ፥ የቍጣውን ክፍል ገና እንዳልገባ ዐውቆ የሙሴ ጸሊምን ታሪክ ይንገረው። ውሃ መሸከሙን ያለ እንደ ሆነ ግን በልቡ ደስ ይበለው፤ ያ ልጅ መምህር እየፈለገ ነውና። እንዲህ ላለው ልጅ ረጅም ስብከት አያስፈልገውም። መጥረጊያ ሰጥቶ ከደጀ ሰላሙ ማስጀመር ይበቃል።